ለቤት ምርቃት የወሰድናት አህያ

እኔና ጓደኛዬ በስደት አሜሪካ ስንመጣ ኦክላንድ የተቀበሉን፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ሳን ሆዜ ቤት ገዙና ትርፏን ክፍል ለአንዳችን እንደሚያከራዩ ነገሩን። የምሠራው እዚያው ሳን ሆዜ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለነበር ከኦክላንድ ስመላለስ ዕድሜዬ አውቶቡስ ላይ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ያቺን ክፍል እንደ ነፍሴ ፈለግኋት። ጓደኛዬም እንደምትፈልጋት አውቃለሁ።

ለቤት ምርቃቱ ስጦታ ፍለጋ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጣን። ሥዕሉን ከክምሩ መዝዛ ያነሳችው እሷ ናት። ሻጩ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ፈረንሳይ አገር መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ ነው አለን። ባሕሩ ሸሽቷል፤ እርጥቡ አሸዋ ላይ አንዲት አህያ ሁለት ቅርጫት ተጭና ቆማለች፤ ነፋሱ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፎታል። ፀጉሯ ሳይቀር አንድ በአንድ በመርፌ ተጭሯል። ወደድኳት፤ ግን ፈራሁ።

«አህያ ለሰው ቤት ይወሰዳል እንዴ?»

«ኧረ ሪላክስ አድርጊ! እዚህ አገር ይሄ አርት ነው። እትዬ ይወዱታል።»

በምርቃቱ ቀን ስጦታው በሰው ፊት ተከፈተ። አንዱ እንግዳ ሳቁ አመለጠው። እትዬ ሥዕሉን አራቅ አድርገው አዩት።

«እውነታችሁን ነው፤ ስትጫኑኝ ኖራችሁ የለ!» አሉ።

እውነቱን ትናገራለች ብዬ ጓደኛዬን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

«እኔ ተዪ ብያት ነበር፣ እትዬ። አልሰማ አለችኝ» አለች ጓደኛዬ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኔዋ ጭራሽ ለጅቡ አሳልፋ ሰጠችኝ። «ኧረ እትዬ...» ብዬ ስጀምር፣ «አንቺ ዝም በይ!» አሉኝ። ፊቴ እስኪግል ተናድጄ፣ ዳቦዬን ይዤ እዚያው ተቀመጥኩ።

ፈርታ ይሁን አስባበት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ፣ ገበያው ላይ ስታነሳው ክፍሏን እያሰበች ነበር እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ ይህን ያህልስ ክፉ አልነበረችም እላለሁ። ሁለቱም እኩል ያንገበግቡኛል።

ወር ሳይሞላ ክፍሏ የእሷ ሆነች። በምትሄድበት ቀን የሚያግዛት ሰው አጥታ፣ «ፕሊዝ፣ ፍራሹን ብቻ ሄልፕ አድርጊኝ» አለችኝ። አንዱን ጫፍ ይዤ የኦክላንድ ቤታችንን ደረጃ አብሬያት ወረድኩ።

«ተባረኪ፤ አንቺ እኮ እህቴ ነሽ» አለችኝ።

ከልቧ ነበር የምትለው።