አክስቴ ተሳስተው አያውቁም

ደባርቅ ውስጥ ቡዳ ለይቶ በማወቅ የአባቴን እህት የሚስተካከል ሰው አልነበረም። ይህን የምለው በኩራት ነው፤ በሌላ ሙያ የታወቀ ዘመድ የለኝም። አክስቴ አንድን ሰው ከአጥር ማዶ አይተው፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ይበላል ወይም አይበላም ብለው ይፈርዳሉ። ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ሰውየው ትክ ብሎ ካያቸው «አየሽው ሲበላኝ?» ይላሉ። አቀርቅሮ ካለፈ «አየሽው እንዳይታወቅበት ዓይኑን ሲደብቅ?» ይላሉ። ምግባቸውን ያደነቀ ቡዳ ነው፤ ያላደነቀም በሆዱ እያደነቀ ነው። ልጅ ሆኜ በዚህ ዕውቀት እደነቅ ነበር። አድጌ የባዮሎጂ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም መደነቄን አልተውኩም፤ ምንም ነገር ቢፈጠር ትክክል ሆኖ የሚገኝ ሐሳብ በተማርኩበት ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁም።

በቤታቸው ምግብ ሲቀርብ በሩ ገርበብ ይላል። መንገደኛ ድንገት ከገባ እንጀራው ይሸፈናል፣ እኛ ልጆቹ አፋችን ውስጥ ያለውን ሳናላምጥ ውጠን በዓይናችን እንባ እየሞላ ሰላም እንላለን። አንገቴ ላይ ክታብ፣ ኪሴ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ነበረኝ። ትምህርት ቤት ማንም አጠገቤ መቀመጥ አይፈልግም ነበር፤ አክስቴ ይህንን መድኃኒቱ ለመሥራቱ ምልክት ነው አሉ።

በዚያን ጊዜ ቡዳ ማለት ከከተማው በታች የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ነበሩ። ዛሬ ቤተ እስራኤል እንላቸዋለን። ያን ጊዜ የምንላቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ስማቸውን ያሳመርንላቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ቀን ሸክላ ይሠራሉ፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ይዞራሉ ይባላል። ታዲያ መቼ ይተኛሉ ብዬ ጠይቄ በኩርኩም ተመትቻለሁ። እነሱም በበኩላቸው እኛን ይጸየፉ ነበር፤ የኛ ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። ሁለቱም ወገን ሌላው እንደሚያረክሰው እርግጠኛ ነበር። በዚህች አንድ ነገር ተስማምተን ስንት ዘመን በጉርብትና ኖርን።

አክስቴ ድስት የሚገዙት ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ቀጭን፣ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ እጇን እስከ ክርኗ አፈር የማይለቀው ናት። ድስቶቿን አጥሩ ሥር ታስቀምጥና ወደ ኋላ ራቅ ትላለች። አክስቴ ይመጡና አንዱን በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጣሉ። ከዚያ ወስደው ያጥቡታል፣ በወይራ ያጥኑታል፣ ጤና አዳም ያሹበታል፤ ቡዳው ሁሉ ከወጣለት በኋላ ሽሮ ይሠሩበታል። «ዓይኗ ክፉ ነው እንጂ እጇስ የተባረከ ነው» ይሉ ነበር። ሴትዮዋን እንዲህ ለሁለት ከፍለው ክፉውን ለሷ፣ ደጉን ለራሳቸው አስቀሩ።

አክስቴ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ከኔ ትንሽ የሚያንስ ወንድ ልጅ። በሱ አልቀልድም። አንድ ክረምት ተቅማጥና ትውከት ያዘውና ሳይውል ሳያድር ሞተ። በዚያ ክረምት በሰፈራችን ሌሎች ልጆችም ሞተዋል። ሁላችንም የምንጠጣው ከአንድ ምንጭ ነበር፤ ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው። አክስቴ ግን ልጁ ከመታመሙ በፊት ሸክላ ሠሪዋ በአጥር አሻግራ አይታው «እንዴት ያለ ልጅ ነው! ያሳድግልሽ» ማለቷን አስታወሱ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሴትዮዋን በጣታቸው ጠቆሟት። ድንጋይ ለማንሳት የተሽቀዳደመው ሰው ብዛት ይገርም ነበር፤ ምንጩን እንጥረግ ሲባል የዚያን ያህል እጅ አልተገኘም። ሸክላዋን ጥላ፣ የደማ ግንባሯን በነጠላዋ ይዛ፣ ቁልቁል ስትሮጥ በዓይኔ አይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ደባርቅ ገበያ አልወጣችም። አክስቴ አሁን ልቤ አረፈ ሲሉ ሰማኋቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ያለቅሱ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ጊዜ የታችኛው መንደር ባዶ ሆነ። ሰዎቹ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ያ ጊዜ የለውጥ ጊዜ ነበር። እግዜር የለም እያለ ሲያስተምረን የነበረው የቀበሌ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ በታቦት ፊት ጥላ ይዞ ታየ፤ ድምፁ እንኳ አልተቀየረም፣ ያኔም አሁንም ይጮኻል። አክስቴ በበኩላቸው ዳቦ ደፍተው ለጎረቤት አበሉ። «እፎይ! ተእንግዲህ እንደ ልባችን በልተን እናድራለን» አሉ። መንግሥትም ተለወጠ፣ ቡዳም ተሰናበተ።

ችግሩ የሆድ ቁርጠቱ አልተሰናበተም። በመስቀል አንድ ጎረቤታችን ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከጠዋት ጀምሮ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ ነበር የዋለው፤ ይህ ግን እንደ ምክንያት አልተቆጠረም። ሰው ሁሉ ወደ አክስቴ ዞረ። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያስ እነዚያ ሰዎች አልነበሩም ማለት ነው» ይል ይሆናል። አክስቴ ለአፍታ አሰቡና «ጅብ ሆኖ ለሚሄድ ምን መንገድ ይርቀዋል?» አሉ። አንድ ሹፌር «ኧረ እትዬ፣ ኢየሩሳሌም እኮ ባሕር ማዶ ነው» ቢላቸው፣ «በሊማሊሞ መኪና የሚነዳ ስለ ጅብ መንገድ ምን ያውቃል?» ብለው ዝም አሰኙት።

ይህም ሲያረጅ ቅርብ የሆነ ቡዳ አስፈለገ። መጀመሪያ ማጭድ የሚሠራልን ባለእጅ ሆነ። ከዚያ ሸማኔው ሆነ። ከዚያ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የግብርና ሠራተኛ፤ እሱ መነጽር ስለሚያደርግ ከሁሉም የባሰ ተባለ። እርግጠኛ የሆነ ሰው አይለወጥም ሲባል እስቃለሁ። አክስቴ እርግጠኝነታቸውን እንደያዙ በየዓመቱ ይለወጡ ነበር። የሚለወጠው ተከሳሹ ብቻ ነው፤ ትላንት የተከሰሰውን ግን ማንም ጠርቶ ይቅርታ አልጠየቀውም።

ጎንደር ተምሬ፣ ዳባት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ አክስቴን ላስተካክላቸው ቆርጬ ነበር። እኔም ያን ጊዜ የማላውቀው ነገር አልነበረም። አንድ እሑድ አጠገባቸው ተቀምጬ ውሃ ውስጥ ስላለው ጀርም በሰፊው አስረዳኋቸው። ጥጥ እየፈተሉ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«በዓይን አይታይም አልሽ?»

«አይታይም እትዬ።»

«ሳይታወቅ ሆድ ይገባል?»

«አዎ።»

«ገብቶም ሰው ይበላል?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ይኸን ለማወቅ ነው ጎንደር ድረስ የሄድሽው? ምነው እኔን ብትጠይቂኝ!»

የሚያሳይ መሣሪያ አለ፣ ማይክሮስኮፕ ይባላል አልኳቸው። «እኔ ያለሱም ይታየኛል» አሉኝ። በዚያ ቀን የተረታሁት እኔ ነኝ፤ ዳባት እስክገባ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ለብቻዬ ስከራከር ሄድኩ።

ነገሩ የተገለበጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጥምቀት ሰሞን ነው። የጎረቤታቸው ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሆዷን አሟት ወደቀች። አባቷ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጨነቅ ወጥቶ ነበር። እናትየዋ ግራ ሲገባት ወደ ባለሙያዋ ሮጠች፣ ማለትም ወደ አክስቴ። እኔም ለበዓሉ መጥቼ እዚያው ነበርኩና ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ብዬ ጮህኩ። «መጀመሪያ የበላት ይታወቅ» ተባልኩ። በሩ ተዘጋ፣ ልጅቷ ጋቢ ተከናነበች፣ በገል ፍም ላይ ሥራ ሥሩ ተነሰነሰ። ጭሱ ከመክበዱ የተነሳ እኔን ራሴን ሊያስለፈልፈኝ ምንም አልቀረው።

«ማነህ አንተ?» አሉ አክስቴ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምፃቸው። «ተናገር! የት አግኝተህ በላሃት?»

ልጅቷ ሳለች።

«ስምህን ሳትናገር አትወጣም!»

ልጅቷ ጋቢውን ገልጣ ቀና አለች። እንባ በሞላው ዓይኗ መጀመሪያ ያየችው ከአፍንጫዋ ስንዝር የማይርቀውን የአክስቴን ፊት ነው።

«አንቱ ነዎት» አለች። «እትዬ፣ አንቱ ነዎት። በከተራ ቀሚስሽ ሲያምር ያሉኝ አንቱ ነዎት።»

እናትየዋ ልጇን ተሸክማ በሩን በርግዳ ወጣች። ንጹሕ አየር ሲያገኛት ልጅቷ ተሻላት፤ ይህም ማስረጃ ሆነ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ የተሰጣት የወስፋት መድኃኒት ማስረጃ አልሆነም። አክስቴ ከፍሙ አጠገብ እንደተንበረከኩ ቀሩ፤ ደግፌ ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ።

ደባርቅ ጊዜ አላጠፋችም። አባትየው ከጨነቅ ሲመለስ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ «ሁለተኛ ልጄን ቀና ብለው እንዳያዩ!» አለ። በማኅበር ቀን እሳቸው ሲገቡ የዳቦው መሶብ ተከደነ። እሳቸው ራሳቸው ያሠለጠኗቸው ሴቶች ጤና አዳም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ጀመር። ያ በፊት የተከሰሰው ሸማኔ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብሎ ጠላ ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ጋበዘ ይባላል፤ አልፈርድበትም። የነፍስ አባታቸው መጥተው «ልጄ፣ ይኸ አጉል እምነት ነው፣ ተዪው» ቢሏቸው መስቀሉን ተሳልመው ሸኟቸው።

እኔ ደግሞ በልቤ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ለፍልፌ ያላስረዳሁትን ወስፋት ያለባት ልጅ አስረዳችልኝ አልኩ። በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው እንዴት አይነቃም? በዚህም እርግጠኛ ነበርኩ።

በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ወለድኩ። ክርስትና ከተነሳች በኋላ አቅፌያት ወደ ደባርቅ ሄድኩ። አክስቴ ቤት ሽሮ ተጥዷል፣ በዚያችው በሸክላ ሠሪዋ ድስት፤ ጠርዟ ተሸርፏል እንጂ አልተጣለችም። ድምፄን ሲሰሙ እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው አወረዱና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«አታስጠጊያት ልጄ» አሉ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«እንዳላያት ነው። እኔ አልታመንም።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ አክስቴ ግን በዚህ ጉዳይ ቀልደው አያውቁም። መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ፊታቸውን እንደሸፈኑ «በማን ወጣች?» ብለው ጠየቁኝ። ግንባሯ የአባቴ ነው፣ ማለት የአንቱ ነው አልኳቸው። እጃቸውን በነጠላው ሥር አሾልከው በዳበሳ የልጄን እግር አገኙና ያዙት። ብዙ ጊዜ ይዘውት ቆዩ። ያንን የሞተ ልጃቸውን እንዳሰቡ አወቅሁ፤ አንጀቴን በሉት፣ እንባ ተናነቀኝ። እኔ ሲተናነቀኝ አስተምራለሁ፤ አመሌ ነው።

«እትዬ፣ አንቱ እኮ ቡዳ አይደሉም። ልጅቷ በጭስ ስትታፈን ያየችውን ሰው ጠራች፣ በቃ። ነገሩ ከመጀመሪያውም ውሸት ነው። አሁን በራስዎ አዩት አይደል?»

«ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው።»

«በጭስ የተጠራው፣ በጣት የተጠቆመው፣ ሁሉም?»

«ሁሉም።»

የልጄን እግር ለቀቁ።

«ለኔ ውሸት ተሆነ ለዚያች ለሸክላ ሠሪዋም ውሸት ነበር ማለት ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄን አልበላችውም ማለት ነው። ያሳድግልሽ ያለችኝም ተልቧ ነበር። እኔ ምንም ያላደረገች ሴት ነው ያስወገርሁ፤ በድስቷ ይኸው እስተ ዛሬ እየበላሁ።»

ነጠላው ከአፋቸው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ያንንስ አልችለውም ልጄ። ቡዳ ልሁን። ቡዳ መሆኑ ይቀለኛል።»

ስለ ጀርም የማውቀው ሁሉ ለዚህ አይረባም። ምድጃው ላይ ሽሮው መገንፈል ጀመረ።

«ሕፃኗን ወደዚያ አዙሪልኝማ» አሉ። «ፊቴን ልግለጥና ድስቱን ላውርድ።»

አዞርኳት።