የቆሰለችው ከርከሮ

አጣዬ ያለችው ልጄ ዘንድ ከርሜ ወደ ሸዋ ሮቢት ስመለስ መኪናው ለምሳ ጀውሃ ላይ ቆመና አንዲት ልጅ እግር ሴት በመስኮት ጥንቅሽ ዘረጋችልኝ። ጥርስ የለኝ፣ ምን ላደርገው እንደገዛሁት አላህ ይወቅ፤ ግን ልጣጩ ሲሰነጠቅ የወጣው ያ እርጥብ የአገዳ ሽታ ከአፍንጫዬ አልፎ ጉልበቴ ድረስ ወረደ፣ ጉልበቴም ለአፍታ ሕመሙን ረሳ። ተሳፋሪው ሊበላ ሲወርድ እኔ አገዳዬን ታቅፌ በሐሳቤ ልጅ ሆኜ አባቴ ማሳ ውስጥ ገባሁ።

ማሳችን ከሮቢ ወንዝ ዳር ነበር። ማሽላው ሲያፈራ ሰው ይውጣል፤ መሃሉ ላይ አባቴ ከግራር እንጨት ያቆመው ማማ ነበር፣ ከዚያ ላይ ሆነን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቃለን። ቀን ወፍ፣ ሌሊት ከርከሮ፤ እኛ የምንበላው እነሱ ያስተረፉልንን ነው። አባቴ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ ከሚተኩስበት ይልቅ የሚወለውልበት ቀን ይበዛል።

ያን ዓመት እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። አንድ ጠዋት፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ አንዲት ከርከሮ ከማሳው ሳትወጣ ነግቶባት አባቴ ተኮሰባት። ጮኸች፣ ወደቀች፣ ተነሣች፣ የኋላ እግሯን እየጎተተች ወንዙ ዳር ያለው ጥሻ ውስጥ ገባች። ማሽላው ቅጠል ላይ ደሟ ቀረ፤ በጣቴ ነካሁት፣ ትኩስ ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግሁት።

ይኼኔ የግሪሳ ወፍ መንጋ እንደ ደመና መጣ። አባቴ ከሄደ ማማው ባዶ ነው፤ የእኔ ወንጭፍ ድንጋይ እግሬ ስር ነበር የሚወድቀው። ግሪሳ አንድ ቀን ከሰፈረበት የሚተርፈው አገዳ ብቻ ነው፣ አራሷንም እኛንም እስከ ከርሞ የሚያኖረን ደግሞ ያ እህል ነው። አባቴ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ጥሻውን ሲያይ አየሁት።

ጎረቤታችን ጋሼ ይማም ተኩሱን ሰምተው ደረሱ።

«አንተ ሙሄ፣ ሥጋዋ ሐራም፣ ምን ልትሆንህ ትከተላታለህ? ልትቀብራት ነው?»

«እያቃሰተች ሄደች እኮ።»

«ታቃስታ! ማሽላህን ስትግጥ መቼ አዘነችልህ?»

«እሷማ ርቧት ነው። ያቆሰልኳት እኔ ነኝ፤ ነፍሷ ሳይወጣ ጅብ ይጎትታት?» ብሎ አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ ጥሻው ውስጥ ገባ።

ጋሼ ይማም «ወላሂ ይኼ ሰውዬ ለይቶለታል» አሉና፣ የራሳቸውን ማሳ ለሚስታቸው ለእትዬ ዘሃራ ትተው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው እኛ ማማ ላይ ወጡ። ቀኑን ሙሉ ወንጭፋቸውን እያስጮኹ «አንተ ግሪሳ፣ ሂድልኝ! የማሳው ጌታ ከርከሮ ሊያስታምም ሄዷል፣ እኔን አታስቆጣኝ!» ይላሉ፤ እኔ እየሳቅሁ ድንጋይ አቀብላለሁ፤ ከማዶ ደግሞ እትዬ ዘሃራ ግሪሳውንም ባላቸውንም ባንድ ላይ ይራገማሉ።

የዙሁር ሶላት አለፈ፣ የዐስርም አለፈ። ሳቁም አለቀ። የቆሰለ ከርከሮ ዞሮ በጥርሱ የሰው ጭን እንደሚዘነጥል ማንም ልጅ ያውቃል። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ተቀምጣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ጥይት ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ፤ ዝምታው ከቀኑ ረዘመ። በኋላ አባቴ ሽርጡን እሾህ ቦጫጭቆት፣ ወንዝ ላይ ታጥቦ፣ ውኃ እየተንጠባጠበ መጣ።

«አረፈች» አለ፣ ይኸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲህ እኔም ልረፍ» አሉ ጋሼ ይማም በተዘጋ ድምፅ፣ ወገባቸውን ይዘው ከማማው እየወረዱ።

የማሳችንን የታችኛውን ጠርዝ ግን ግሪሳው ጨርሶት ነበር። ክረምቱ ሲገባ ገንፎው ቀጠነ፤ እናቴ ያን ቀን አንሥታ አንድ ቀን እንኳ አባቴን ስትወቅሰው አልሰማሁም።

ዛሬ ማሳው ላይ ሌሎች ሰዎች ሽንኩርት ይተክሉበታል፣ አባቴም ጋሼ ይማምም አፈር ከለበሱ ቆዩ። በቆላው በኩል አሁንም ተኩስ ይሰማል፣ ምኑ ላይ እንደሚተኮስ እንጃ። ድሮ ጠመንጃ ሲጮህ ጎረቤቶች ከደጅ ወደ ደጅ «ወደቀ ወይስ ቆስሎ ሄደ?» ይባባሉ ነበር፤ «ሄደ» ከተባለ የጎረሰውን ሳይጨርስ ሊከተል የሚነሣ ሰው አይጠፋም። ባለፈው ሰሞን ጥይት ቀረብ ብሎ ጮኸና ደጄ ላይ ወጥቼ ቆምኩ፣ አንድ ሰው እስኪጠይቅ። ሞተር ሳይክል አለፈ፣ ልጆች ኳሳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ፣ የጠየቀ የለም፤ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።