የስልሳ ሦስት ሰው ቁንጥር

ሰውየው ሚዛን መርማሪ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከገበያ ገበያ፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የነጋዴውን ሚዛን በራሱ መመዘኛዎች ሲፈትሽ ኖሯል። መመዘኛዎቹ ከነሐስ የተሠሩ ናቸው፤ ቀይ ከፋይ በተነጠፈባት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከትልቁ ጀምሮ ጥፍር እስከምታህለው ድረስ በየጉድጓዳቸው ተኝተው አብረውት ይዞራሉ። አንድ ሱቅ በኪሎ አሥር ግራም ካጎደለ ሚዛኑን ያሽገዋል። አሥር ግራም ከጨመረም ያሽገዋል። በዚህ የተነሣ ነጋዴው «ጋሼ ግራም» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ከገበያ ተነሥቶ መሥሪያ ቤት ገባ፣ ከመሥሪያ ቤት ተከትሎት ቤቱ ድረስ መጣ። የሚኖርበት ሕንፃ ዘበኛ፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነውና፣ ሰውየው ሌላ ስም እንዳለው እንኳ አያውቅም።

ሚስቱ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ምሳውንም እራቱንም የሚበላው በመሥሪያ ቤቱ ክበብ ስለሆነ የቤቱ ምድጃ ሻይ ከማፍላት በቀር ሥራ አልነበረውም። አንድ ልጅ አለችው፤ በሌላ ከተማ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ሥጋም ወተትም እንቁላልም መተዋን በስልክ ሁለት ጊዜ ነግራዋለች። እሱ ግን ከአራት ወር በፊት ልትጠይቀው ስትመጣ በቅቤ የተጠበሰ አምስት እንቁላል አቀረበላት። ልጅቷ ሰሐኑን አየችው፣ አባቷን አየችው፣ ከዚያ ዳቦ በቲማቲም በልታ «ምንም አይደለም አባዬ» አለችና ሄደች። ያቺ «ምንም አይደለም» አራት ወር ሙሉ ከጆሮው አልጠፋችም።

አሁን ደግሞ ለአምስት ቀን ሥልጠና ልትመጣ ነው። ማክሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደምትደርስ ስትነግረው፣ እራት እኔው ራሴ እሠራለሁ፣ የምትበይውን ጻፊልኝ አላት። ልጅቷ ከሪ የሚባለውን የሕንዶች ወጥ፣ የአትክልቱን ዓይነት፣ አሠራር በስልኩ ላከችለት። ከላይ «በጣም ቀላል ነው አባዬ፤ ሠላሳ ደቂቃ አይፈጅም» የሚል ጽፋበታለች።

ጋሼ ግራም ወረቀት ላይ ገለበጠው። ማክሰኞ ዕለት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቆ በአሥር ሰዓት ቤቱ ገባ፤ ሲገባም የወርቅ ቤቶች ሚዛን የሚፈተሽባትን፣ በመስታወት የተሸፈነችውን ትንሽ ሚዛን ፈርሞ ይዞ ነበር።

የመጀመሪያው መስመር «አንድ መካከለኛ ሽንኩርት» ይላል። መካከለኛ ከምን? አስቀድሞ አስቦበት ስለነበር አሥራ ሰባት ሽንኩርት ገዝቷል። ሁሉንም መዝኖ ከትንሹ እስከ ትልቁ በጠረጴዛው ላይ ደረደረና ከመካከል ዘጠነኛውን አነሣ። ካሮቱንና ድንቹን «በእኩል መጠን ቁረጥ» ስለሚል በማስመሪያ እየለካ ቆረጣቸው። አበባ ጎመኑ አስቸገረው፤ እንደዚያ ያለ ነገር በማስመሪያ አይገዛም። የኮኮናት ወተቱ ጣሳ ላይ «ወተት» የሚለው ቃል አሳስቦት ሱቅ ውስጥ ባለሱቁን ሁለቴ አስነብቦታል። ባለሱቁም ኮኮናት የሚታለብ ነገር እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረድቶታል።

ይህን ሁሉ በድል ተወጣው። ሽንኩርቱ ተቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገቡ፣ ቤቱ ሰው የሚኖርበት ቤት መሽተት ጀመረ። ከዚያ ወደ ስድስተኛው መስመር ደረሰ። «እርድ፣ አንድ ቁንጥር» ይላል።

ምድጃውን አጠፋ።

እርዱን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ሚዛኗ ላይ አደረገ። ዜሮ ነጥብ አራት ግራም። ድጋሚ ቆነጠረ፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት። ሦስተኛው ከሁለቱም ጋር አልገጠመም። ለአንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት ቃል የሚሰጥ ሚዛን አግኝቶ ቢሆን ያለ ርኅራኄ ያሽገው ነበር። የገዛ እጁን ግን ማሸግ ስለማይችል ወጥቶ ፊት ለፊት ያለችውን ልብስ ሰፊ በር አንኳኳ።

በዚያ በአራተኛ ፎቅ ያሉት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ የእሱና የእሷ። ልብስ ሰፊዋ ባለጉዳይ ትታ መጣች። ምን እንደፈለገ ሲነግራት አልሳቀችም፤ ሴትዮዋ ራሷ የሰው ወገብ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ስትለካ የምትውል ናት። ቆነጠረች። በመርፌና በስፒል የተገራ ጣቷ ያነሣው ዜሮ ነጥብ ሦስት ብቻ ሆነ። እንግዲህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል ተባለና በመስኮት ዘበኛውን ጠሩት። የዘበኛው ጣት አንድ ነጥብ አራት ግራም ይዞ ወጣ።

ጋሼ ግራም ደነገጠ። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ከአራት እጥፍ በላይ ይለያያሉ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሰው እንዴት ምግብ ሲያበስል ኖረ? ዘበኛውን ጥቂት ሰዎች እንዲጠራለት ለመነው፤ ብዙ ሰው ከተገኘ አማካዩን ይወስዳል።

ዘበኛው የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። የገባውን ያህል ግን ነው የሚፈጽመው። ወርዶ ግቢው ውስጥ ለነበሩት ሰዎች የነገራቸው፣ አራተኛ ፎቅ የመንግሥት ሚዛን መጥቷል፣ ቀኝ እጃችሁን ታጥባችሁ ውጡ ብሎ ነው።

መጀመሪያ ስድስት ሰዎች መጡ። እነሱ ሲወርዱ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ቢጫ ሆኗል። ደረጃው ላይ ያገኟቸው ጎረቤቶች ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የወረዱት እነሱም በደንብ ስላልገባቸው፣ ሰውየው ሳይጽፈን አይቀርም፣ ብቻ ጣታችሁን ቢጫ አስደርጉ አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። ለውሃ ቆጣሪ ምዝገባ ነው ያለ አለ፤ የለም የጤና ምርመራ ነው፣ የስኳር በሽታ በጣት ይታወቃል ያለ አለ። ጣቱ ቢጫ ያልሆነ ሰው ሁሉ የቀረበት ነገር ያለ እየመሰለው ከቤቱ ወጣ። ከአጠገቡ ሕንፃ የመጡም ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ተራ እንዳይምታታ ጠመኔዋን አምጥታ በየሰው እጅጌ ላይ ቁጥር ጻፈች፤ ዘበኛውም በሩ ላይ ቆሞ ቁጥር ይጠራ ጀመር።

ጋሼ ግራም ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ቆንጥር፣ አስቀምጥ፣ እጅህን አንሣ። ይጽፋል። በየተራው ጣሳው ውስጥ ያለውን እርድ ያመጣጥናል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሥራ ከገጠመው ዓመታት አልፈዋል፤ ሚዛኑን አጭበርብሬ ልለፍ የሚል አንድም ሰው የለም። አንዲት እናት ባለቤቷ ወገቡን አሞት ስለተኛ የእሱንም ልቆንጥርለት ብላ ለመነችው። በውክልና እንደማይቆነጠር በትሕትና ነገራት።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር መጣ። ይህን ሁሉ ሰው ያለ ደብዳቤ የሰበሰበው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ተቆጥቶ ነበር የመጣው። ደረጃውን ሲወጣ ግን የሕንፃው ሰው በአንድ በኩል ተሰልፎ፣ ሳይገፋፋ፣ ሳይጯጯህ ቆሞ አየ። ለስብሰባ ሲጠራቸው አሥር ሰው ሞልቶለት የማያውቅ ሰው ነውና ዐይኑ እንባ አቀረረ። ቁጣውን ትቶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ብዙ እንዳይወስድ ሲጠነቀቅ የቆነጠረው ዜሮ ነጥብ ሁለት ሆነበት፤ ከሁሉ ትንሹ። ለሥልጣኑ የማይመጥን መሰለውና ድጋሚ ይፈቀድልኝ አለ። አልተፈቀደለትም።

ልጅቷ የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰልፉ ያዛት። ኋላ ለአባቷ እንደነገረችው፣ ከፊቷ የቆመውን ሰው ምን እንደሚጠበቅ ብትጠይቀው፣ እሱም እንደማያውቅ ነግሯት፣ ግን ቦታዋን እንዳትለቅ መከራት። በጎን ልታልፍ ሞከረች። ዘበኛው ከላይ ሆኖ ወዴት ነው አላት። አራተኛ ፎቅ አባቴ ቤት አለችው።

«አባትሽም ይሁን አያትሽ፣ ተራ ተራ ነው» አለ ዘበኛው።

ልብስ ሰፊዋ ብታያት ታውቃት ነበር፤ ግን ጠመኔ እስክታመጣ ቤቷ ገብታ ነበርና እጅጌዋ ላይ የጻፈው ዘበኛው ራሱ ነው። ስልሳ ሦስት። መኪና መንዳት የምታስተምር ሰው ትዕግሥት አታጣም፤ ሻንጣዋን ደረጃው ላይ አድርጋ ተቀመጠችበት፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እየተነሣች ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቀች።

«ስልሳ ሦስት» ተባለ።

ጋሼ ግራም ቀና አላለም። በሁለት ጣትሽ፣ እንደለመድሽው አለ። አንዲት ቀጭን እጅ ቆንጥራ አስቀመጠች። ዜሮ ነጥብ ስምንት አንድ። ጻፈ።

«ስንተኛ ፎቅ?»

«አራተኛ።»

«አራተኛ እኔና ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነን» አለ፤ የተሳሳተ ነገር መጻፍ ስለማይወድ እስክሪብቶውን አነሣ። ቀና ሲል ልጁ ናት።

«አባዬ» አለችው፤ «ምን እየሠራህ ነው?»

ጋሼ ግራም ሚዛኗን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ከኋላው የቀዘቀዘውን ድስት አየ።

«እራት» አላት።

ዘበኛው ስልሳ አራትን ሲጠራ ጋሼ ግራም ተነሥቶ በቃ አለ። ደረጃው ላይ ገና ሃያ የሚሆን ሰው ነበርና ጉምጉምታ ተነሣ። ሰውየው መሸሽ አያውቅም፤ ብቅ ብሎ እውነቱን ነገራቸው። ልጁ ሥጋና ወተት እንደማትበላ፣ ባለፈው እንቁላል አቅርቦላት እንዳፈረ፣ ዛሬ በእጁ ሊሠራላት ፈልጎ ቁንጥር ስንት እንደሆነ ስላላወቀ እንዳስቸገራቸው፣ አንዳች ሳይደብቅ ተናገረ። ልጅቷ ከኋላው ቆማ ትሰማለች። የተቆጣ ሰው አልነበረም። አንዱ ጠጋ ብሎ ዝንጅብሉ ገብቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ገብቷል ሲባል እፎይ ብሎ ወረደ።

ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር፤ ከግድግዳው ተጠግተው የቆሙ አንዲት አሮጊት ባይናገሩ።

«ልጄ፣ እኛ ቤት ቁንጥር በሦስት ጣት ነው።»

የጋሼ ግራም ፊት አመድ መሰለ። ስልሳ ሦስት ሰው በሁለት ጣት። ሰልፉ ባንዴ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለት ጣት የሚሉ በአንድ ወገን፣ ሦስት ጣት የሚሉ በሌላ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ ድምፅ ይሰጥበት ብሎ እጁን ከፍ አደረገ። ጋሼ ግራም «ቆይ እስቲ…» ብሎ ወደ ሚዛኗ ሊዞር ሲል ልጁ ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችውና በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ያለው ሥራ በእርግጥም ሠላሳ ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ ምድጃውን ለኮሰች። እሱ የስልሳ ሦስቱን ሰው ድምር ለስልሳ ሦስት አካፍሎ ዜሮ ነጥብ ሰባት አራት ግራም አገኘ፤ ልክክ አድርጎ መዘነና በሁለት እጁ ይዞ አመጣላት። አልሳቀችበትም። ድስቱ ውስጥ ስትጨምረው ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻዋ ብናኝ ተመለከተ። ካሮቱና ድንቹ ገቡ፣ አበባ ጎመኑና የተቀቀለው ሽምብራ ገቡ፣ የኮኮናት ወተቱ ተጨመረ፣ ጎን ለጎን ሩዝ ተጣደ። «ጨው እንደሚጥምህ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ አባትየው አንገቱን ደፋ። እሱን ለእኔ ተወው አለችውና እያወራች፣ ሳታይ ጨመረችው። ውጭ ደረጃው ላይ ክርክሩ እንደቀጠለ ነበር።

ከሪው ጥሩ ነበር። ካሮቱ ሁሉ እኩል በስሏል። ከአበባ ጎመኑ ግን ገሚሱ ገንፎ ሆኗል፣ ገሚሱ ጥርስ ይፈልጋል። ልጅቷ ሰሐኗን አጽድታ ድጋሚ ዘረጋች። አባትየው ማንኪያውን አስቀምጦ አያት።

ሥጋ ለምን እንደተወች ጠይቋት አያውቅም ነበር። ሁለቴ ስትነግረው ሁለቴም «እሺ» ብሎ ስለ አየሩ ነው ያወራት። አሁን ጠየቃት።

ልጅቷ እያኘከች አሰበችና ነገረችው። አንድ ቀን አዲስ ተማሪ ይዛ ከከተማ ወጣ ብለው ሲለማመዱ አንዲት ላም መንገዱ መካከል ቆመችባቸው። ጥሩንባ ቢነፉ፣ ልጅቷ ወርዳ በቀስታ ብትለምናት አልሄደችም። ተማሪው መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ላሟ ደግሞ ከሁለቱ መርጣ ልጅቷን አፍጥጣ ታይ ነበር፤ አርባ ደቂቃ።

«ሌላ ምንም አልሆነም» አለችው። «ብቻ አየችኝ። ማታ እራት ሲቀርብ መብላት አቃተኝ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ጋሼ ግራም አልሳቀም። ላሟ ምን ያህል ትመዝን እንደነበር ለመጠየቅ አፉን ከፍቶ ተወው። ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ጠየቃት።

«ታዲያ በመጨረሻ ሄደችላችሁ?»

«እሷማ ሄደች» አለች ልጅቷ። «እኛ ነን እዚያው የቀረነው። ተማሪዬ ፍሬኑን አልለቅም አለኝ፤ ትመለሳለች ብሎ።»

አባትየው ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ዐይኑን በቢጫ ጣቱ እየጠረገ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ድስቱን ወደሷ ገፋላትና ስለ ተማሪዋ፣ በኋላ መንጃ ፈቃድ አግኝቶ እንደሆነ፣ እንድትነግረው ጠየቃት።