ጎሚኒ የጠፋበት አርብ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የመጀመሪያ መኪናዋን ገዛች። ቁልፉን እያቅጨለጨለች ስትገባ «እንኳን ደስ ያለሽ» ከማለቴ በፊት «የፍሬን ዘይቱን አይተሽዋል?» አልኳት። እናቷ ገላመጠችኝ። እኔ ግን ከጀመርኩ አላቆምም፤ ጠዋት ከመነሳትሽ በፊት መኪናሽን ዞረሽ እያት፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር ካለ አትናቂው፣ ጎማሽን በካልቾ መትተሽ ደህና ነው አትበይ፣ ሞተር ሲግል የራዲያተር ክዳን እንዳትከፍቺ፣ ፍሬንሽን ረግጠሽ ሳትሞክሪ ንቅንቅ እንዳትዪ እያልኩ ነዘነዝኳት። «አባዬ ደግሞ! ፍሬን ፍሬን እንዳልክ አረጀህ እኮ!» ብላ ሳቀች። ለምን እንደሆነ ልነግራት ቃጣኝና ተውኩት። የደስታ ቀን ወሬ አይደለም።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ፣ ራሴን ግን ከአገሩ ሹፌር ሁሉ አስበልጬ የማይ ጎረምሳ ነበርኩ። የምነዳው በርበሬ በረንዳ የጅምላ መደብር የነበራቸውን የጋሽ ከድርን አሮጌ ፒካፕ ነው። እሷ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፤ የበርበሬው ብናኝ ወንበሩ ውስጥ ሰርጎ ስለቀረ መስኮት መክፈትም አያድንም። ጋሽ ከድር አጠር ያሉ፣ ሲከፋቸው ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ነበሩ። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ዘይትና ውሃ ስለካ ከመደብሩ በር ላይ ሆነው እንደሚያዩኝ ስለማውቅ ሥራዬን አሳምሬ ነበር የምሠራው፤ ትንሽ ጉራም አልጠፋበትም።

አንድ የነሐሴ ሐሙስ፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ ከቡታጅራ የመጣ ዘመዳቸው መልእክት ይዞ ደረሰ። እናታቸው በጠና ታመዋል፤ «ዓይኔ ሳይከደን ከድርን አሳዩኝ» ብለዋል። ያን ጊዜ እነሱ አገር ስልክ ብሎ ነገር የለም፤ መልእክት የሚሄደውም የሚመጣውም በሰው ነው። ጋሽ ከድር ጠዋት በጊዜ እንድንነሳ ነገሩኝ።

ጠዋት ካፊያ ይጥል ነበር። እንደ ልማዴ መኪናዋን ስዞራት ከኋላ ጎማዋ ሥር ዘይት ፈሶ አየሁ። ገብቼ ፍሬኑን ብረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ። ጎሚኒው፣ የፍሬኑን ዘይት አፍኖ የሚይዘው ያ የጣት ቀለበት የሚያህል ጎማ፣ አልቆለታል።

«ጋሼ፣ በዚህ አንሄድም» አልኳቸው።

«በማርሽ እየያዝክ ቀስ ብለህ አትነዳም?»

«ኧረ በጭራሽ! ቁልቁለቱን ያውቁት የለ? መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው።»

«እንግዲያው እኔ በአውቶቡስ ልቅደም፤ አንተ አሠርተህ ትከተለኛለህ።»

ትንሿን ሻንጣቸውን አነሱ። አውቶቡስ ተራ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ቢሄዱ ኖሮ የጠዋቱን አውቶቡስ ይደርሱበት ነበር። እኔ ግን ሻንጣውን ከእጃቸው ተቀበልኩና «ጋሼ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ሶማሌ ተራ እዚሁ ነው፤ ጎሚኒዋን ገዝቼ አስገጥሜ አውቶቡሱን መንገድ ላይ እንቀድመዋለን» አልኳቸው። አባቴ ሊሆን ለሚችል ሰው፣ እናቱ እያጣጣረች፣ ተረት እተርታለሁ! እውነቱን ለመናገር፣ እኔን የመሰለ ሹፌር እያላቸው በአውቶቡስ መሄዳቸው ክብሬን የሚነካ መስሎኝ ነበር። እሳቸውም አመኑኝና ቁጭ አሉ።

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ከሱቅ አልፎ አስፋልት ላይ የሚዘረገፍበት ሰፈር ነው፤ ያቺ ጎሚኒ ግን ጠፋች። አንዱ «እስቲ እላይ ጠይቅ» ይለኛል፤ ሌላው የምትመስላትን አውጥቶ «ወላሂ ይቺው ናት!» ብሎ ይምላል። የማለባትን ይዤ ሮጥኩ፤ መኪናዋን እንዲሠራልኝ የጠራሁት መካኒክ ሲገጥማት ጠበበች። ዘይቱ እንደገና ፈሰሰ። ተመልሼ ስሄድ ሱቆቹ ተዘግተዋል። አርብ መሆኑን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሄዷል። ከአንድ የተዘጋ በር ፊት ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ጠበቅሁ። የቡታጅራ አውቶቡሶችም በዚያ ሰዓት ወጥተው አልቀው ነበር።

ጋሽ ከድር ሰግደው ተመልሰው መደብራቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በጠዋት ያዘዝኩላቸው ፉል ሳይነካ ረግቶ፣ ዳቦው ከጎኑ ደርቋል። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «አገኘሃት?» ብቻ አሉኝ።

ጎሚኒዋ ተገኝታ ተገጥማ የተነሳነው ከሰዓት በኋላ ነው። ዓለም ገናን አልፈን የጠጠሩን መንገድ ስንይዝ ዝናቡ አባራ፤ እርጥቡ አፈር በመስኮት ይሸተን ነበር። ፍሬኑ ገና ሲነካ ቀጥ ያደርጋል። አንድ የማፍርበት ነገር አለ። ያን ሁሉ መንገድ አንዲት ላም ዘላ መሀል መንገድ እንድትገባ እመኝ ነበር። ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ «አዩ ጋሼ! የጠዋቱ ፍሬን ቢሆን አልቆልን ነበር» እንድላቸው። ምንም አልገባም። ከብቶቹ ዳር ዳሩን ይግጣሉ። ቁልቁለቱም ጠዋት ያስፈራራኋቸውን ያህል አልነበረም። እሳቸው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረጉ ነበር።

ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ከእንሰቱ መሀል ወንዶች እጃቸው አፈር እንደሆነ ሲመጡ አየን። ከመቃብር እየተመለሱ ነበር። በሙስሊሞች ደንብ ሬሳ አይቆይም፤ እናታቸው ቀትር ላይ ዐርፈው፣ ከአስር ሰዓቱ ሶላት በኋላ ተቀብረዋል።

እኅታቸው ወንድሟ አንገት ላይ ተጠምጥማ «የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ‹ከድር ነው?› ትለን ነበር» አለች። «የጠዋቱ አውቶቡስ ሲደርስማ ‹መጣልኝ፣ ቀና አርጉኝ› ብላ ቀና አረግናት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ከድር እንባቸውን ጠርገው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «በሰላም ያደረሰኝ ይሄ ልጅ ነው» አሏቸው ለሐዘንተኞቹ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። «አሜን» ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ቀጥሎ ቆጮና አይብ ቀረበልኝ፤ አንዱን ጉርሻ ሳላምጥ ዋጥኩት።

ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ሹፌራቸው ሆኜ ሠራሁ። ስለዚያ አርብ አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። እንዲያውም ነጋዴ ወዳጆቻቸውን «መኪናችሁን እንደዚህ ልጅ በየጠዋቱ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ» ይሏቸው ነበር። ብቻ አገራቸው ሲሄዱ፣ ለኢድም ይሁን ለለቅሶ፣ መኪናዋ ደህና ሆና በር ላይ ቆማ፣ በአውቶቡስ ነበር የሚሄዱት። «አንተ እረፍ» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ልጠይቃቸው ስል እየፈራሁ ዓመታት አለፉ፤ አሁን እሳቸውም የሉም።

ተቀይመውኝ ይሆን? ወይስ እኔን ላለማሳቀቅ ብለው? ሁለቱንም ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ የትኛው እንደሚሻለኝም አላውቅም። ፍሬን አይናቅም፤ ይህን ለልጄ ስነግራት እኖራለሁ፣ ብትሰለችም ትሰልች። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ዛሬም በዚያ ፍሬን ቁልፉን አላዞርም። ሻንጣቸውን ግን ከእጃቸው ከተቀበልኩ አይቀር፣ ተሸክሜ አውቶቡስ ተራ ባደረስኳቸው ነበር።