ማሞቂያ በፌርፋክስ ፀሐይ

ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ወዳለችው ጋራዥ፣ በዚያ ሙቀት እጅጌው የረዘመበት የሱፍ ካፖርት የለበሰ ሰው አሮጌ የናፍጣ መኪናውን ይዞ መጣና የሞተር ማሞቂያ እንዲገጠምለት ጠየቀ። መካኒኩ ሀቢብ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ማቀዝቀዣ ነው የሚቸግረን!»

«ሚኒሶታ ልሄድ ነው። ባለቤቴ እዚያ የኩላሊት እጥበት ላይ ነች። እስካሁን እህቷ ነበረች ጠዋት ጠዋት የምታደርሳት፤ ከእንግዲህ እኔ ነኝ። ሞተሩ በብርዱ እምቢ ቢለኝስ?»

«ኦኬ ጋሼ፣ አያስቡ።»

ሀቢብ የሞተሩን ውሃ አፍስሶ ማሞቂያውን ገጠመ፤ ውሃውን መልሶ ሞላና ገመዱን ሶኬት ላይ ሰካው። ሰውየው የታመመ ልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሁሉ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ሲሞቅለት «ተመስገን» አለና እጁን ኪሱ ከተተ፤ ሙቀቱን እስከ ሚኒሶታ ሊያደርስ ያሰበ ይመስል ነበር።