የእትዬ ሃቢባ አስተማሪ

ረሂማ የሒሳብ መምህርት የመሆን ሐሳብ ኖሯት አያውቅም። የምትመኘው ፋርማሲ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን የደረሳት ሒሳብ ሆነ። እያለቀሰች ለታላቅ እህቷ ለሃቢባ ደወለች።

"ቁጥር ደግሞ ምን አደረገሽ?" አለቻት ሃቢባ። "እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሒሳብን ነበር።"

ረሂማ እንባዋን ጠረገች። እናታቸው በትውልድ ቀያቸው በሌሞ ስትሞት እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሃቢባ ስምንተኛን እንደጨረሰች ከትምህርት ቤት ቀርታ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ያኔ ነው። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ረሂማ ተመርቃ፣ የመምህርነት ሥልጠናዋን ጨርሳ ጃጁራ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበች። ሃቢባ ከሚኒባስ ሹፌሩ ባሏ ከናስረዲን ጋር እዚያው ትኖር ስለነበር እነሱ ቤት አረፈች። በሁለተኛው ሳምንት ሃቢባ የስምንተኛ ክፍል ካርዷን ከሻንጣ ሥር አወጣችና "እኔም ልመዘገብ ነው" አለች። ናስረዲን ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወና በማግስቱ ራሱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ይዟት ሄደ።

ዘጠነኛ "ለ" ክፍል ደረሳት፤ የሒሳብ መምህርቷ ረሂማ ነበረች። ለሐሜት እንዳይመች የሃቢባን የፈተና ወረቀት ሌላ መምህር እንዲያርም ተስማሙ።

ማስተማሩ ግን ለረሂማ አልያዘላትም። ጥያቄ ስለምትፈራ ፊቷን ለሰሌዳው ሰጥታ በጥድፊያ ትጽፋለች፤ ስልሳ ተማሪ ከኋላዋ ዝም ብሎ ይገለብጣል። "ገባችሁ?" ስትል "አዎ!" ይላሉ። ፈተናው ሲመጣ ግማሹ ወደቀ። ሃቢባም ከመቶ ሠላሳ ስምንት አመጣች። ያን ቀን ረሂማ ምሳ አልበላም አለች።

"የወደቅኩት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ!" አለቻት ሃቢባ፣ የቆጮውን ሳህን ወደ እሷ እየገፋች።

አንድ ማክሰኞ ረሂማ ሰሌዳው ላይ የቅንፍ ጥያቄ ስትሠራ ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ። ሃቢባ ነበረች።

"ይቅርታ ቲቸር፣ ከቅንፉ ውጭ ያለውን ሦስት በኤክሱ ብቻ ነው ያባዙት። አራቱን ረሱት መሰለኝ።"

ታላቅ እህት ታናሿን አንቱ ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ረሂማ ሰሌዳውን አየች፤ እውነትም ረስታዋለች። ፊቷ ጋለ። "ልፈትናችሁ ብዬ ነው" ማለት ትችል ነበር፤ ከአፏ አልወጣም።

"ተሳስቻለሁ" አለች። "እትዬ ልክ ናት። ነይ፣ አስተካክይልን።"

ሃቢባ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ጠመኔውን ይዛ ቀስ ብላ ሠራችው፤ መልሱ ሰባት ወጣ። ይሄኔ ትንሣኤ የምትባል ልጅ ከፊት ወንበር ተነስታ "ቲቸር፣ እኔማ ያለፈው ሳምንቱም አልገባኝም" አለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ተከተለ። ረሂማ በወንበሮቹ መሃል እየዞረች፣ በአማርኛ አልገባ ያላቸውን በሀዲይኛ እያስረዳች ሳለ ደወሉ ተደወለ። በዚያ ክፍለ ጊዜ የተሠራው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ "ቤት ስንደርስ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለቻት ረሂማ።

"ቤት ብነግርሽ ልጆቹ አይሰሙም ነበር።"

በዓመቱ መጨረሻ ሃቢባ ስልሳ አንድ አምጥታ ወደ አሥረኛ አለፈች። ረሂማ ደግሞ ማስተማሩን ትታ ሆሳዕና ከተማ የፋርማሲ ትምህርት ለመጀመር ይዛው የነበረውን ቅጽ ሳትሞላ ተወችው። ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት አብረው ከቤት ይወጣሉ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሃቢባ የረሂማን ሻሽ አስተካክላ ወደ ክፍሏ ትሮጣለች።