የዶክተሩ ጆሮና የሚራመደው ማሽን

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሩ» ይለዋል። ሐኪም ቤት የምሠራው ግን እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ አንድ ሰው እንኳ ተሳስቶ ዶክተር ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። እሱ የሚያክመው ፍሪጅ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያና ጁስ መፍጫ ነው። ታማሚዎቹ አያለቅሱም፣ መርፌ አይፈሩም፣ ትራሴን አስተካክይልኝ ብለው አይጨቀጭቁም። እንዲህ ያለ ሕክምና ማን ይጠላል?

ሱቁ ከቤታችን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መሀል የተወተፈች ጠባብ ክፍል ናት። ሠላሳ ዓመት እዚያው ነው። የሥራ ዘዴው ደግሞ ሌላ ጋ የለም። ሰው የተበላሸ ዕቃ ታቅፎ ገብቶ «ትናንት ሰክቼው ሳለ...» ብሎ ሊጀምር ሲል እጁን ከፍ አድርጎ ያስቆመዋል። «እርስዎ አይንገሩኝ። እሱ ራሱ ይንገረኝ» ይላል። ከዚያ ዕቃውን ይሰካና የካቻቢቴውን ጫፍ ዕቃው ሆድ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ቆይቶ «ኩሽኔታው አልቋል» ይላል። ሲከፈት እውነትም ኩሽኔታው አልቋል። ባለ ዕቃው አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ዶክተሩ ደግሞ «ሰው ይዋሻል፣ ዕቃ አይዋሽም» ብሎ ጉራውን ይነዛል። እኔ ጉራውን እወድለታለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ነግሬው አላውቅም።

ወደ ቤታችን ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች። የወጥ ቤታችን መብራት ሦስቴ በጥፊ ካልተመታ አይበራም። የምድጃው በር የሚዘጋው በወንበር ተደግፎ ነው። የበራችን ደወል እንግዳ ሲደውለው ዝም ይላል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ሁሉንም ችዬዋለሁ። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። የሥራ ጋውኔ ነጭ ነው፣ በየቀኑ ይቆሽሻል፤ የቀኝ እጄ አንጓ ደግሞ ልብስ ስጨምቅ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘኛል። ከአራት ወር በፊት ዶክተሩ ሌላ ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ሲዘጋ በደንብ የተያዘ ማሽን አገኘና ራሱ አስጭኖ አመጣልኝ። መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ አቆመው። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ሳምኩት። ባለቤቴን ማለቴ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማሽኑንም ስሜዋለሁ።

ማሽኑ ሲያጥብ ጨዋ ነው። መጭመቅ ሲጀምር ግን ጋኔን ይገባበታል። ይንዘፈዘፋል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ይራመዳል። አንድ ቀን እኔ ውስጥ ሆኜ ሳለ እየተራመደ መጥቶ በሩ ላይ ተደገፈና መውጫ አሳጣኝ። ዶክተሩ ከሱቅ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ፣ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የድሮ ጋዜጣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከእኛ ሥር ባለው ቤት የሚኖሩት ደግሞ የውሻው እናት ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆኑ፣ ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ አይደለሁም፤ ራሳቸው ናቸው «እናቱ ነኝ» የሚሉት። ጥጃ የሚያክለውን ውሻ የሚጠሩትም «ልጄ» እያሉ ነው። ይኸው ልጃቸው በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ስጦታ አኑሮልን ይሄዳል። «እትዬ፣ ይኼ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ፣ «ልጄን እንደዚህ አላሳደግኩትም» ይሉኛል። በሕንፃው ውስጥ ሌላ ውሻ የለም። እንግዲህ ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ዶክተሩ ነው።

ማሽናችን ሲያጓራ ልጃቸው ይጮኻል። ልጃቸው ሲጮኽ እሳቸው ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ድብደባው ካልበቃቸው ራሳቸው ይወጣሉ።

«ማሽናችሁ ልጄን አስጨነቀው! ምግብ አልበላ አለኝ!»

«ተመስገን ነው እትዬ፣ ደረጃው ትንሽ ይረፍበት።»

በሩን የሚዘጉበት ድምፅ ከማሽናችን አይተናነስም።

ዶክተሩ ካቻቢቴውን ማሽኑ ላይ ደግኖ አዳመጠና «እግሩ ነው» አለ። እግሮቹን ቀየረ። ማሽኑ በአዲሱ እግሩ ይበልጥ ፈጠነ። እንደገና አዳመጠ፣ አሁንም እግሩ ጋ ነው። ከሥሩ ጎማ አነጠፈ። ወለሉን በውሃ ልክ ለካና ሲሚንቶ ጨመረበት። አራት ወር ሙሉ የእረፍት ቀኑ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ አለቀ፤ እኔም አራት ወር ሙሉ በዚያው በታመመ አንጓዬ ጨመቅሁ። ሕንፃው ሁሉ «ዶክተሩ የገዛ ቤቱን ማሽን ማዳን አቃተው» እያለ ይስቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማም። የሰማው ባለፈው ሐሙስ ነው። አንዲት ሴት ካውያዋን ልትሰጠው መጥታ፣ መልሳ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችና «የቤትዎንም ማሽን አልቻሉትም አሉ። እውነት ነው እንዴ?» አለችው።

ዓርብ ሱቁን አልከፈተም። ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ባልዲው ላይ ተቀምጦ ማሽኑን ትኩር ብሎ ሲያየው አገኘሁት። ካቻቢቴው ኪሱ ውስጥ አልነበረም።

«ሰኞ የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ እመልሳለሁ» አለኝ።

«ምን ሆንክና?»

«ጆሮዬ ሄዷል። እኔ ደግሞ ከጆሮዬ ሌላ ምን አለኝ?»

አንጀቴን በላው። ሥራውን ተቀምቶ መስኮት ሥር የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚመስል በሥራዬ ላይ አይቻለሁ፤ ደህና ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ይጫጫል። ይኼ ሰውዬ ያለዚያች ጠባብ ሱቅ አይሆንለትም። ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን ዋጥ አደረግኩና እንደ በሽተኛ እጁን ይዤ አስነሳሁት።

መስኮቱ ጋ አቁሜ ጆሮውን በባትሪ አየሁት። ንጹሕ ነው። ከጀርባው ዞርኩና ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ «ምሳ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የትናንቱ ነው፣ ራስሽ ነሽ ያልሽው» አለና በዚያው ቀጠለ። «እትዬ ደግሞ ከታች ሻይ እያማሰሉ ነው። ሁለተኛ ስኳር ጨምረዋል።»

«አየህ፣ ጆሮህ ምንም አልሆነም። በሽተኛው ነው በወጉ ያልታየው። ታሪኩን ማን ወሰደ?»

«የምን ታሪክ?»

«እኛ ጋ በሽተኛ ሲመጣ ከመንካታችን በፊት እንጠይቀዋለን። መቼ ጀመረህ፣ ከዚያ በፊት ምን ገጠመህ እንላለን።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ማንንም ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት!»

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። በል አሁን ቁጭ በል!»

ደብተርና እስክሪብቶ አመጣሁ። እሱ ተመልሶ ባልዲው ላይ፣ እኔ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጥን። ከልቡ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ደክሞት ብቻ ነው እሺ ያለኝ።

«ሕመሙ መቼ ጀመረ?»

«እኛ ቤት ከገባ ቀን አንስቶ።»

«ሆቴሉ እያለስ?»

«እዚያማ ሰክቼ አስጨምቄው አይቻለሁ። ድምፁ የለም፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ነው የሚመስለው። ባይሆን መች አመጣው ነበር?»

«ከዚያ እስከዚህ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ መኪና ላይ ጫንኩት።»

«ስትጭነው ምን አደረግክለት?»

«ያው እንደ ደንቡ ነዋ። ልብሱ የሚዞርበት ከበሮ በሞላ ሽቦ የተንጠለጠለ ስለሆነ መንገድ ላይ እንዳይላጋ በጀርባው በኩል በአራት ረጃጅም ቡሎን ከአካሉ ጋር ጠፍሬ አሰርኩት።»

«እሺ። እዚህ ሲደርስስ?»

«እዚህ ስንደርስ ከተሸካሚዎቹ ጋር ደረጃውን ስንወጣ የእትዬን ልጅ ስጦታ ረገጥኩት። አንሸራቶኝ ከማሽኑ ሥር ልገባ ለትንሽ! ከዚያ ከእሳቸው ጋር ተጨቃጨቅሁ፣ ጫማዬን አጠብኩ፣ እንደተናደድኩ ማሽኑን ጥግ አስያዝኩትና ሰካ...»

ቃሉን አልጨረሰውም።

«ቡሎኖቹንስ?» አልኩት።

ተነስቶ ማሽኑን አቅፎ ከግድግዳው ጎተተውና ከጀርባው ገባ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። አራቱም ቡሎኖች እንደታሰሩ ናቸው። አንደኛው ላይ በክር የተንጠለጠለች ቁራጭ ካርቶን አለች፤ በራሱ የእጅ ጽሕፈት «ከመሰካቱ በፊት ይፈታ» ይላል።

የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። ለካስ ሳቅ ነው። ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ፣ ካርቶኗን ደረቱ ላይ ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «እግሩ ነው ያልኩትኮ እውነት ነው!» ይላል በመሀል። «የሚጮኸውማ እግሩ ነው! ከበሮውን ከአካሉ ጋር ጠፍሬ ይዤው፣ ሲዞር አብሮ ካልዘለለ ምን ያድርግ!»

ቡሎኖቹን ፈታ። የሳምንቱን ጋውኖቼን በሙሉ ጨመርን። ማሽኑ አጠበ፣ አለቀለቀ። መጭመቅ ሊጀምር ሲል ዶክተሩ እጄን ያዘኝ፤ አያያዙ አንጓዬን አሳመመኝ፣ ግን አልተናገርኩም። ማሽኑ መዞር ጀመረ፣ ፈጠነ፣ ከነፈ። ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተደበደበ። የውሻው እናት ናቸው፣ በነጠላ ጫማ፣ ልጃቸውን በገመድ እየጎተቱ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ምን ሆናችሁ? ውሃው ሲወርድ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥ አላችሁብኝ። ማሽኑ ወደቀባቸው ብዬ ነፍሴ ልትወጣ!»

«ደህና ነን እትዬ፣ ተሠርቶ ነው።»

«ተሠራ? ማን ሠራው?»

እትዬ ጠዋት የሰሙት ነገር ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ይደርሳል። የባለቤቴ ስም በእሳቸው አፍ ሊነሳ ወይም ሊወድቅ ነው። እኔ ልዋሽለት ቆርጬ «ከእሱ ሌላ ማን አለ፣ እሱ ነዋ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አይደለም» አለ ዶክተሩ። «እሷ ናት። እኔማ ራሴ ያሰርኩትን ረስቼ ነው አራት ወር ያስጮህኩት።» መዳፉን ዘርግቶ አራቱን ቡሎኖች አሳያቸው። ካርቶኗን ሳይቀር አነበበላቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ቡሎኖቹን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እንደገና ቡሎኖቹን አዩ። ከዚያ በስድስት ዓመት ጉርብትናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁ። ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ እኔም ልናዘዝ» አሉ። «ደረጃው ላይ ያለው የልጄ ነው። ጉልበቴ እየከለከለኝ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ማንሳት አልችልም። እሱን ከመናገር ሞቴን እመርጥ ነበር።»

«ታዲያ ለኔ አይነግሩኝም? ነርስ ነኝኮ!» አልኳቸው። አስገብቼ ወንበር ሰጠኋቸውና ጉልበታቸውን አየሁላቸው። ልጃቸው ጸጥ ያለው ማሽን ፊት ተጋድሞ አንቀላፋ።

ሲሄዱ ዶክተሩ ጋውኖቼን ሰገነቱ ላይ ያሰጣ ጀመር፤ ዜማ የሌለው ዘፈን እያንጎራጎረ።

«ሰኞስ?» አልኩት።

«ሰኞ ማለዳ እወጣለሁ» አለ፣ መቆንጠጫውን ከጥርሱ ላይ አንስቶ። «ዓርብ ዝግ ሆኖባቸው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ለምን እንደዘጋሁ እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉንም ነገር?»

«ሁሉንም። ቡሎኖቹን ይዣቸው ነው የምሄደው።»